ባለመቋሚያው የተዳከመበት ቅዳሜ

ፍቅረ ሥላሴ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ በከፈታት ጠባብ ጌም ቤት ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ወድቋል። ከጭንቅላቱ አጠገብ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመጣጥን ከባድ ስታቢላይዘር ተጋድሟል፤ ከበላዩ ደግሞ የእንጨት መደርደሪያ አለ። ያየ ሁሉ ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አልፈጀበትም። «ዕቃ ወድቆበት ሞተ» ተባለ።

ሳጅን ገብረ ኪዳንም ለኢንስፔክተር እስከዳር የነገራት ይህንኑ ነበር።

«ከመደርደሪያው ተንሸራቶ ነው የመታው። መጥፎ ዕድል ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም» አላት።

እስከዳር አልመለሰችለትም። አርባ ዓመት የደፈነች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ሰው ሲናገር ጣልቃ አትገባም፤ ሲጨርስም ቶሎ አትመልስም። በዚህ ዝምታዋ ፊት ብዙ ሰው ያልተጠየቀውን ተናግሯል። ሬሳው ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ ጥግ ይዛ ቆመችና ክፍሉን አየችው። ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፕሌይስቴሽን፣ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ ያልተቆለፈ በር።

«ገብረ ኪዳን፣ እስቲ ያንን ዕቃ አንሥተህ መደርደሪያው ላይ አውጣው።»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ ወዲያውም «እህ!» ብሎ ጥርሱን ነከሰ። የቆርቆሮው ጠርዝ መዳፉን ሰንጥቆታል። እንደምንም መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

«አሁን ሶኬቱ ላይ ሰካው።»

ገመዱን ወደ ግድግዳው ሳበው። ገመዱ አየር ላይ ተወጥሮ ቀረ።

«አይደርስም።»

«መደርደሪያው ላይስ አቧራው እንዴት ነው?»

«ድፍን ነው። አሁን እኔ ካስቀመጥኩበት በቀር አልተነካም።»

እስከዳር በጣቷ ወደ ወለሉ አሳየችው። ከሶኬቱ ሥር፣ በላስቲክ ምንጣፉ ላይ፣ የስታቢላይዘሩ እግሮች ለረጅም ጊዜ ተጭነው የቆዩበት ጉድጓድ ጉድጓድ ያለ ምልክት አለ።

«ይህ ዕቃ ኑሮው መሬት ነው። ከመሬት ደግሞ ዕቃ በሰው ራስ ላይ አይወድቅም። ሰው አንሥቶታል» አለች።

ከዚያ ማሽኑን አስከፈተች። ውስጡ አንድ ዲስክ አለ፤ ላዩ ላይ «4» የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩ ያን ጊዜ ምንም አልነገራትም።

ከሐኪሙ የመጣው ቃል አጭር ነው፤ ሟቹ የተመታው ከኋላው ነው፣ የሞተውም ቅዳሜ ወደ ማታ ገደማ ነው።

ከጌም ቤቱ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ወለተ ማርያም ናቸው። ሬሳውን ያገኙትም እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ተቀምጠዋል።

«ቅዳሜ ደንበኞቹን ሁሉ መለሳቸው። ‹ዛሬ ዝግ ነው፣ ሐሳብ ይዞኛል› አለ። የገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው» አሉ።

«እነማን ናቸው እማማ?»

«ጠዋት የጨርቅ ነጋዴው የሱሩር ልጅ መጣች። ረውዳ ናት፤ ፊቷን ብትሸፍንም አረማመዷን አውቀዋለሁ። ከዚያ ምን ብላ ብትጮህ ጥሩ ነው? ‹ዛሬ ገደልኩህ!› በዚህ በጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

«ሁለተኛውስ?»

«አጎቱ ቄስ ገብረ ሚካኤል። ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጓደኛው አበረ መጣ፤ የአይሱዙ ሾፌሩ። አብሮ አደጉ ነው። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ ‹ደህና እደር ፍቅሬ! ነገ እንገናኝ!› ብሎት ሄደ። እኔም ወዲያው ዘጋሁ።»

«ፍቅረ ሥላሴ ምን ብሎ መለሰለት?»

ወይዘሮ ወለተ ማርያም አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ አሰብ አደረጉ።

«ሲመልስ አልሰማሁም።»

«አጎቱና ረውዳስ ተመልሰው አልመጡም?»

«በፊት ለፊት አልመጡም። የጓሮውን ግን እኔ በምን ዐውቃለሁ?»

ቄስ ገብረ ሚካኤል የሟቹ አጎት ብቻ ሳይሆኑ የንስሐ አባቱም ናቸው። እስከዳር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ ከአንድ ጽድ ሥር አገኘቻቸው። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው የኅዳር ነፋስ ቀሚሳቸውን ያርገበግበዋል።

«ጌም ቤቱን አይወዱለትም ነበር ይባላል» አለች።

«አልወደውም። በጨዋታቸው ውስጥ በትር ይዞ ሰው የሚደበድብ አንድ ሽማግሌ አላቸው፤ ‹ባለመቋሚያው› ብለው ይጠሩታል። መቋሚያ የማሕሌት ነው ልጄ፣ የጠብ አይደለም። ብዙ ጊዜ ተቆጥቸዋለሁ።»

«ቅዳሜ የተጣላችሁትም በዚሁ ነው?»

«ቅዳሜ አልተጣላንም።»

«ታዲያ ምን ተነጋገራችሁ?»

ቄሱ እጃቸው ውስጥ ያለውን መስቀል ጨብጠው ዝም አሉ። እስከዳርም ዝም አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታዋን የሚቋቋም ሰው ገጠማት።

«አባ፣ ዝምታዎ እርስዎን ራስዎን ያስጠረጥራል።»

«ያስጠርጥረኝ። የሰውን ንስሐ አውጥቼ ከምድን ታስሬ ብሞት ይሻለኛል።»

ወደ ከተማ ሲመለሱ ገብረ ኪዳን፣ «አልጣሙኝም» አለ። «እኔንም አልጣሙኝም» አለች እስከዳር፤ «ግን ያልጣመን ነገር መዋሸት ነው ወይስ ማዘን? ገና አልለየሁትም።»

አበረን ከመናኸሪያው ጀርባ፣ መኪናው አጠገብ ቆሞ አገኙት። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ጎላ ያለ ወጣት ነው። ገና ሲያያቸው እንባው መጣ።

«ወንድሜ ነበር! ቅዳሜ እንኳ አብረን ነበርን።»

«ምን ስታደርጉ ዋላችሁ?»

«ስንጫወት ነዋ! ድብድብ። የጌሙ ዋና ስም በጃፓን ፊደል ነው የተጻፈው፤ እኛ ‹ድብድብ› ነው የምንለው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እሷን ስንጫወት ዋልን።»

«ማን አሸነፈ?»

አበረ እንባውን ጠርጎ ፈገግ አለ። «ፍቅሬን ማን ችሎት! ባለመቋሚያውን ይይዝና እግርህን ይጠርግሃል። የተጠረገ ሰው አየር ላይ ይነሣል። ከዚያ መሬት ሳይነካ በሁለተኛው ይደግመዋል። አለቀ! ቅዳሜም እንደዚያው እየጠረገ ሲያነሣኝ፣ ሲደግመኝ ዋለ። ስቄ ስቄ ሞትኩ።»

«ከወትሮው የተለየ ነገር አልነበረም?»

«ምን የተለየ ነገር ይኖራል? ያው እንደ ሁልጊዜው።»

«ሐሳብ የያዘው አይመስልም ነበር?»

«ኧረ ሲስቅ ነው የዋለው!»

እስከዳር እጁን አየችው። መዳፉ ላይ ፋሻ ጠምጥሟል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«የመኪና ክሪክ ቆርጦኝ ነው።»

«እስቲ ልየው።»

ትንሽ አመነታና ፋሻውን ፈታው። መዳፉን አግድም የሰነጠቀ ቀጥ ያለ መስመር ነው። እስከዳር «እግዜር ይማርህ» ብላ ሄደች።

ከሱሩር የጨርቅ መደብር የገቡት ገበያው ሲቀዘቅዝ ነው። ሱሩር ሸበቶ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ልጁ ረውዳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ትምህርት በማይኖርበት ቀን አባቷን ታግዛለች።

«ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርሽ?» አለቻት እስከዳር።

«እዚሁ ነበርኩ።»

«ጌም ቤት አልሄድሽም?»

«እኔ? ጌም አላውቅም» አለች ረውዳ፣ ዓይኗን ከአባቷ ላይ አንሥታ።

እስከዳር አንድ ጥቅል ጨርቅ አስወረደችና እንድትለካላት ጠየቀቻት። ልጅቷ ስትለካ ግራ አውራ ጣቷን አስተዋለች። ከጫፉ ላይ ክብ፣ ጠጠር ያለ ቆዳ አውጥቷል። ያንኑ የመሰለውን በፍቅረ ሥላሴ ሬሳ እጅ ላይ አይታዋለች፤ በዚያው ጣት፣ በዚያው ቦታ።

«መቀስ የቀኝ እጅን ያሻክራል። የግራ አውራ ጣትን እንዲህ የሚያደርገው ምንድን ነው?» አለች በዝግታ።

ረውዳ ጨርቁን ለቀቀችው። ሱሩር ከመቀመጫው ተነሣ።

«ልጄ ከዋሸች የምቆጣት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ግን እውነቱን ትናገር። ተናገሪ ረውዳ፤ ሰው ሞቷል» አለ።

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «ሄጃለሁ አባዬ። ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ማንም አላሸነፈኝም፣ ከፍቅሬ በቀር። ስለዚህ ነው የምመላለሰው።»

«‹ዛሬ ገደልኩህ› ያልሽው ምንድን ነው?»

«ስለረታሁት ነዋ! ለመጀመሪያ ጊዜ። የአጎቴ ልጅ ከመርካቶ አዲሱን ክፍል ልኮልኝ ወሰድኩለት፤ ክፍል አራትን። እስከ ቅዳሜ ድረስ የነበረው ክፍል ሦስት ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው? ያው አንድ ጨዋታ አይደለም?»

ረውዳ እንባዋን በሻርፕዋ ጠረገች። ስለሚያውቁት ነገር ሲጠየቁ ፍርሃት ይሸሻል፤ ድምፅዋ ጠነከረ።

«ያው ነው ግን ያው አይደለም። ሠሪዎቹ ሚዛን ይጠብቃሉ። አንዱ ተዋጊ ከሌሎቹ በጣም ከበረታ ሰው ሁሉ እሱን ብቻ ይመርጣል፤ ጨዋታው ጣዕም ያጣል። ስለዚህ በሚቀጥለው ክፍል ከእሱ ይቀንሳሉ፣ ለደካማው ይጨምራሉ። ባለመቋሚያው በክፍል ሦስት ንጉሥ ነበር። በአራት ግን ጠረጋውን ሰብረውበታል። ተጠራጊው ዝርግ ብሎ መሬት ላይ ይወድቃል እንጂ አየር ላይ አይነሣም። ስለዚህ መድገም የለም።»

የእስከዳር ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተለወጠ።

«ምንም ቢያደርግ አይነሣም?»

«ፈጽሞ። በምትኩ በበትሩ ከሩቅ የሚወጋበትን አስረዝመውለታል። ፍቅሬ ጠረጋውን ደጋግሞ ሞክሮ እምቢ ሲለው ሳቀ። ‹ሽማግሌዬን ጎዱት፤ ግን እውነታቸውን ነው፣ አለልክ አብዝቼ ነበር› አለ። ከዚያ ሳቁን ተወና ‹እኔም ሰኞ ደጀን ሄጄ የማስተካክለው ነገር አለኝ› አለኝ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ክፍል ሦስት አሁን የት ነው ያለው?»

ረውዳ ከባንኮኒው ሥር ቦርሳዋን አወጣች። «በለውጥ ሰጠኝ። ይኸው። ሌላ የለውም፤ ያለችው ይህች አንዲት ብቻ ነበረች።»

እስከዳር በዚያው ቀን ደጀን ደወለች። ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያሉት ባልደረቦቿ የፍቅረ ሥላሴን ስም ሲሰሙ ወዲያው አወቁት። ከክረምቱ በፊት አንድ አይሱዙ ከመንገድ ዳር አንድ ገበሬ ገጭቶ ገድሏል። መኪናው የአበረ ነው። አበረ፣ «ስተኛ ረዳቴ መሪውን ይዞ ነው» ብሎ ቃሉን ሰጠ፤ አብሮት የተሳፈረው ፍቅረ ሥላሴም መሰከረለት። ገዳሙ የሚባለው ረዳት እስካሁን በእስር ላይ ሆኖ ክርክሩን እየጠበቀ ነው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሁሉም ጌም ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቄሱ ከበሩ አጠገብ፣ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ከጥግ፣ ሱሩር ከልጁ ኋላ ቆሙ። አበረ ለምን እንደተጠራ የገባው አይመስልም። ገብረ ኪዳን የጓሮውን በር ዘግቶ ተደገፈው።

«ፍቅረ ሥላሴ በሰው እጅ ነው የሞተው» አለች እስከዳር፤ «ገዳዩም ከዚህ ክፍል ውስጥ አለ።»

ወይዘሮ ወለተ ማርያም አማተቡ። ሰው ሁሉ አጠገቡ ካለው ሰው ትንሽ ፈቀቅ አለ።

«መጀመሪያ ግን ጨዋታው ይግባኝ። አበረ፣ ቅዳሜ እንዴት እንደተጫወታችሁ አሳየኝ። ረውዳ በፍቅረ ሥላሴ ቦታ ትሁን።»

ማሽኑ ተከፈተ። ነጭ ጢም ያለው፣ ረጅም በትር የያዘው ሽማግሌ በስክሪኑ ላይ ቆመ።

«ያው ነው?» አለች እስከዳር።

«ያው ነው፤ ባለመቋሚያው» አለ አበረ።

«ሌላ ዲስክ አልነበረም?»

«ከየት መጥቶ? ፍቅሬ ያለው አንድ ነው።»

«እንግዲያው ረውዳ፣ ጥረጊው።»

የሽማግሌው በትር መሬት ለመሬት ዞረ። የአበረ ተዋጊ ዝርግ ብሎ ወደቀ፤ አልተነሣም። ረውዳ ደገመች። አሁንም ወደቀ።

«አታውቅበትም!» አለ አበረ።

«እሺ አንተ ያዘውና አሳየን።»

መጫወቻውን ተቀያየሩ። አበረ ጠረገ፤ ወደቀ። እንደገና ጠረገ፤ ወደቀ። ጣቱ እየፈጠነ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ ከቁልፎቹ ቀጭቀጭታ በቀር ድምፅ የለም።

«አይነሣም አበረ። ይህ ክፍል አራት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ረውዳ አምጥታ የቀድሞውን ወስዳለች። አንተ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ባለመቋሚያው ተዳክሞ ነበር። ‹ሲያነሣኝ ሲደግመኝ ዋለ› ያልከው የድሮ ቅዳሜዎችን ነው።»

«ጨዋታ እኮ ነው!» አበረ ተነሥቶ ቆመ። «አንድ ምት ተሳሳትኩ ብላችሁ ነፍሰ ገዳይ ልታደርጉኝ ነው?»

«በአንድ ምት ብትሳሳት አልይዝህም ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ የተጫወተ ሰው ግን የጨዋታው ንጉሥ ከዙፋኑ መውረዱን ሳያይ አይቀርም። ረውዳ ገና ስትነካው አይታዋለች። አንተ ያላየኸው ቴሌቪዥኑ ስላልተከፈተ ነው። እዚህ የገባህበት ጉዳይ ጨዋታ አልነበረም፤ ጉዳይህን ለመደበቅ ነው ጨዋታ የፈጠርከው።»

አበረ ወደ በሩ ተመለከተ። እስከዳር ቀጠለች።

«ስትወጣ ጎረቤት እንደሚያይህ ታውቃለህ። ስለዚህ በሩ ላይ ቆመህ ለሬሳ ‹ደህና እደር› አልከው። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ስንብትህን ሰሙ፤ መልስ ግን አልሰሙም። ገብረ ኪዳን፣ መዳፍህን አሳየው።»

ሳጅኑ እጁን ዘረጋ። መዳፉን አግድም የሰነጠቀ ቀጥ ያለ መስመር።

«እሱ ስታቢላይዘሩን ሲያነሣ ነው የተቆረጠው። የአንተም ቁስል ከዚህ አይለይም። የጎደለኝ ምክንያቱ ነበር። እሱንም ከደጀን አገኘሁት፤ ፍቅረ ሥላሴ ለረውዳ ‹ሰኞ ደጀን ሄጄ የማስተካክለው ነገር አለኝ› ያላት የሐሰት ምስክርነቱን ሊያነሣ ስለነበር ነው። መሪው ላይ የነበርከው አንተ ነህ፤ ገዳሙ አይደለም።»

የገዳሙ ስም ሲጠራ አበረ የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ለመንኩት» አለ፣ ድምፁ ደክሞ። «እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹እስካሁን የዋሸሁት ለአንተ ብዬ ነው፤ ገዳሙም እናት አለችው› አለኝ። ‹ሰኞ አብረን እንሂድ፣ አብሬህ እቆማለሁ› አለኝ። ጃኬቱን ሊያነሣ ዞረ… ልገድለው አልነበረም። እንዳይሄድ ብቻ ነው የፈለግሁት።»

ገብረ ኪዳን እጁን ይዞ አስነሣው። ሲወጡ ቄስ ገብረ ሚካኤል ግድግዳውን ተደግፈው እንደቆሙ ነበሩ።

«ሂድ ብዬው ነበር» አሉ ለራሳቸው።

«ቆርጦ ነበር አባ። ማንም ባይለውም ይሄድ ነበር» አለች እስከዳር። እውነት ይሁን አይሁን አላወቀችም፤ ግን ተናገረችው።

ሱሩር የልጁን ትከሻ ይዞ ወጣ። ከበሩ ውጭ ጥቂት እንደተራመዱ፣ «ያ ሽማግሌ አሁን በምንድን ነው የሚያሸንፈው?» ብሎ ሲጠይቃት ተሰማ። ረውዳ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ በዝግታ ታስረዳው ጀመር።

እስከዳር በሳምንቱ ደጀን ወረደች። ገዳሙ ከእስር ቤቱ ግቢ ተጠርቶ መጣ፤ ከሲታ፣ ጸጉሩ ያደገ፣ ሰው ማመን የተወ ወጣት። አበረ እንዳመነና እሱም በቅርቡ እንደሚፈታ ነገረችው። ደስታ ፊቱ ላይ አልመጣም።

«ማን ተናገረ?»

«ፍቅረ ሥላሴ ሊናገር ተነሥቶ ነበር።»

«እሱ?» ገዳሙ ጥርሱን ነከሰ። «ዓይን ዓይኔን እያየ የመሰከረብኝ? ለእሱ አንድ ቀን እንኳ በጎ አልተመኘሁም።»

«ለዚሁ ነው የሞተው። ‹ገዳሙም እናት አለችው› ብሎ ከሐሳቤ አልመለስም ስላለ ነው የተገደለው።»

ገዳሙ አቀረቀረ። ከግቢው ውጭ ወደ አባይ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ማርሽ ሲቀይሩ ይሰማል። እስከዳር እንደ ልማዷ አልቸኮለችም። ብዙ ቆይቶ ቀና አለ።

«አርባው መቼ ነው?» አላት።